ጥቁር ሎሚ በሻንጣ

ከኦማን ስመለስ ሻንጣዬን የከፈተችው አክስቴ ናት። ማንም አላዘዛትም፤ ግን አክስት ናትና ከፈተች። ሽቶውን አሸተተች፣ ብርድ ልብሱን ዳሰሰች፣ ለእማዬ የገዛሁትን ጫማ ገልብጣ ቁጥሩን አነበበች። ከሁሉም ሥር አንድ የጨርቅ ከረጢት አገኘችና አፉን ፈታችው። ውስጡ ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ ክብደት የሌለው ነገር ሞልቷል። አንዱን አንስታ ነቀነቀችው። ኮሽ ኮሽ አለ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ፊቷን አኮማተረች።

«ውይ፣ ሎሚ እኮ ነው! ምነው ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠሽ የበሰበሰ ሎሚ ይዘሽ ትመጪ? እዚህ ሎሚ የጠፋ መሰለሽ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አክስቴ ተንኮል የላትም፤ ሰው በሞላበት ቤት ጨዋታ ማምጣት ሥራዋ ነው። ነገሩ ግን ያ ሁሉ ግርግር ካለፈ በኋላም ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሎሚው አልበሰበሰማ! በጨው ውሃ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ከርሞ፣ በየቀኑ ተገላብጦ ነው እንዲያ የሆነው። የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሻንጣው ውስጥ ከነበረው ዕቃ ሁሉ በእጄ የሠራሁት እሱን ብቻ ነበር።

ጣሪያ ላይ

እንዴት እንደሄድኩ፣ ለምን እንደሄድኩ አልተርክም። ከየሰፈሩ አንድ ሁለት ሰው ሄዷል፤ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የማወራችሁ ስለ ቤቱ ትልቅ እናት ነው። ማዳሜ የልጃቸው ሚስት ነበረች። አሮጊቷ ከሙስካት ወደ ሰሜን ምዕራብ ካለው ከባጢና ጠረፍ የመጡ ናቸው። ኩሽናው የማዳሜ ነው፤ ጣሪያው ግን የእሳቸው ነበር። ተምር እዚያ ይሰጣል፣ ዓሣ እዚያ ይደርቃል፣ ሎሚም እንደዚሁ። ይውደዱኝ አይውደዱኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ አይናገሩም። ሲያስተምሩም እጄን ይዘው ያሳዩኛል፤ ሳጠፋ ደግሞ መታ ያደርጉኛል።

የሎሚው ሥራ ከባድ አይደለም። የበሰለ፣ ግን ያልላመ ሎሚ ይመረጣል። ልጣጩ የቆሰለ አይገባም፤ አንድ ቁስለኛ ብዙ ያሻግታል። ታጥቦ ጨው በበዛበት የፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ቀለሙ ሲደበዝዝ ይወጣና ይጠነፈፋል። ከዚያ እርስ በርሱ ሳይነካካ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በየቀኑ ይገላበጣል። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ሙስካት በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐዩ ለሰው እንጂ ለሎሚ አይከፋም። ሲነቀነቅ ኮሽ ካለ ደርሷል ማለት ነው።

ከውጭ ሲያዩት የሞተ ነገር ነው፤ አክስቴ አይፈረድባትም። ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነው። ጭማቂው እንደ ሙጫ ረግቶ ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ሽታው ጭስም አለበት፣ ቀረብ ብለው ሲያሸቱት ደግሞ ያደረ ጣፋጭ ነገር። ኮምጣጣነቱ ከርጥቡ ይብሳል። ውሃው ሲተን ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ አብሮት አይሄድም፤ እዚያው ተጠራቅሞ ይቀራል። ቫይታሚን ሲው ግን በሙቀቱና በብርሃኑ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ ለጉንፋን ብላችሁ አታድርቁ።

እነሱ ሉሚ ይሉታል። ሳይፈጭ በሹካ ይበሳና መክቡስ የሚባለው ምግባቸው ውስጥ ከሥጋውና ከሩዙ ጋር ይገባል። ሲፈጭ ደግሞ ለዓሣ ይነሰነሳል። ሆድ ለነፋው ሰው በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፍና ይጠጣል።

እኔን የገረመኝ ሎሚው ራሱ ነው። ዝርያው የኛው ነው! ትንሿ፣ ልጣጯ ስስ፣ ፍሬ የበዛባት፣ እኛ ዶሮ የምናጥብባት ሎሚ። ባጢና ላይ ድሮ የሎሚ ዛፍ እንደ ጉድ ነበር። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን አንድ በሽታ ገባበት። ቅርንጫፉ ላይ ጥቃቅን ቅጠል ችምችም ብሎ ይበቅላል፤ ከዚያ ዛፉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደርቃል። በዚህ ሰበብ እጅግ ብዙ ዛፍ አለቀ። አሮጊቷም ሎሚ በገዙ ቁጥር የአባታቸውን አትክልት ቦታ ሳያነሱ አይቀሩም ነበር።

አንድ ቀን ማዳሜ ከሱፐርማርኬት ያመጣችውን የደረቀ ሎሚ ማሸጊያውን ሳነብ የተመረተበት አገር ጓቲማላ ይላል። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ፈለግሁት። መካከለኛው አሜሪካ! ሎሚ አድርቀው ውቅያኖስ አሻግረው ለዓረብ ይሸጣሉ። ከአዲስ አበባ ሙስካት በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ያን ቀን ሳህን እያጠብኩ ስለ ድሬዳዋና ስለ ኤረር ሎሚ ሳሰላስል አመሸሁ። ንግድ አላውቅም፤ ዝም ብሎ ግን አንጀት ይበላል።

«ይሄ ያጣብቅብኛል»

ከተመለስኩ በኋላ ከረጢቱ ጓዳ ውስጥ ከረመ። ማን ይጠቀምበት? የማያውቁት አገር አይናፍቅም። እኔ ብቻዬን ነኝ የሚናፍቀኝ፤ ለብቻ ደግሞ ድስት አይጣድም። በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዱቄት ካደረግሁት ማንም ሳያየው ወጥ ውስጥ ይገባል፤ ጣዕሙን ከወደዱት ያኔ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ሰፈራችን ያለው በርበሬ ወፍጮ ቤት ይዤ ሄድኩ። ወረፋ ነበር። ተራዬ ደርሶ ከረጢቱን ስፈታ ባለወፍጮው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የደረቀ ሎሚ ነው ጋሼ።»

አንዱን በጣታቸው ሰበሩት። ውስጡን ነካ አድርገው ጣታቸውን አሻሹ። ከዚያ ከረጢቱን አስረው መለሱልኝ።

«አልፈጭልሽም። ውስጡ ሙጫ ነው፤ ይሄ ያጣብቅብኛል። ደሞ ሽታው አይለቅም። ከአንቺ ቀጥሎ ያሉት እመቤት በርበሬ ይዘው ነው የቆሙት። ሎሚ ሎሚ ቢልባቸው ምን እላቸዋለሁ?»

እውነታቸውን ነው። ወፍጮ ቤት የሚኖረው በእምነት ነው። ግን እቤት ስገባ ፊቴ ሳያስታውቅ አልቀረም። እማዬ ነገሩን ስነግራት አልሳቀችም። «እስቲ አምጪው» አለችና ሙቀጫዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሎሚውን በዘነዘናው ጫፍ መታ እያደረገች ሰነጠቀችው። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ፍሬውን እየለቀመች ወደ ጎን ማድረግ ጀመረች። እኔ ይሄን የተማርኩት እጄን ተመትቼ ነው። ፍሬው አብሮ ከተወቀጠ ዱቄቱ ይመራል፤ ከቆየ ደግሞ ይብሳል። «እንዴት አወቅሽ?» አልኳት። «የሎሚ ፍሬ መራራ መሆኑን ለማወቅ ዓረብ አገር መሄድ አለብኝ?» አለች።

ወቀጠች። መጀመሪያ የደረቀው ልጣጭ ደቀቀ። የመሐሉ ሙጫ ግን ዘነዘናው ላይ እየተለጠፈ አስቸገራት። አንድ ቁንጥር ጨው ጣል አደረገችበት። ወዲያው ለቀቀ። ይሄን ደግሞ እኔም አሮጊቷም አናውቀውም ነበር። በወንፊት ነፋችው፣ የቀረውን መልሳ ወቀጠች፣ ደግማ ነፋች። ቤቱ በሎሚው ሽታ ታወደ። የወጣው ዱቄት ከበሶ ትንሽ ጠቆር ይላል። በጣቷ ጫፍ ነክታ ምላሷ ላይ አደረገች። ዝም አለች። አንድ ዓይኗ በኮምጣጣው ተጨፈነ። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝና፣

«እዚያ ማን ነው ያስተማረሽ?» አለች።

ይሄ ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ። እዚያ ሳለሁ በስልክ የተጠየቅኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ተከፈለሽ? ሰዎቹ ደህና ናቸው? መቼ ትልኪያለሽ? መጥፎ ጥያቄ አይደለም፤ ከፍቅርም ከችግርም የሚወጣ ነው። ግን ማንም «ዛሬ ምን ሠራሽ? እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎኝ አያውቅም። እኔም ራሴ አልጠየቅሁም። የምሠራው ለደሞዝ ነው፤ ደሞዙ ሲላክ ሥራው አብሮ ያለቀ ይመስለኛል። ወንድሜ ዱባይ ሄዶ ከባድ መኪና ማሽከርከር ለምዶ ሲመለስ ሙያ ይዞ መጣ ተብሎ ሥራ ተፈለገለት። እኔ የሃያ ሰው ድግስ ብቻዬን አውጥቼ፣ የማላውቀውን አገር ቅመም በአፍንጫዬ ለይቼ ስመለስ «እንኳን በሰላም ገባሽ» ነው። እርግጥ በሰላም መግባትም ቀላል አይደለም። ያልገቡ አሉ።

ያን ማታ ለእማዬ ብዙ አወራኋት። ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ጣሪያው፣ ሩዙ ከመጨመሩ በፊት ሥጋው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ። እሷ ደግሞ አቋርጣ የምትጠይቀው ሌላ ነው። «ቅቤ አያውቁም? ታዲያ በምን ያቁላሉታል?» ስለ ደሞዝ አንድም አልተነሳም።

እኛ ለምን አናደርቅም?

እማዬ ያነሳችው ሌላው ነገር ይሄ ነው። እኛ የማናደርቀው ምን አለ? በርበሬ እናደርቃለን። ቋንጣ እንሰቅላለን። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። ብቅሉ፣ ጌሾው፣ በሶብላው፣ የጤና አዳሙ ፍሬ ሁሉም ፀሐይ አይቶ ነው ጓዳ የሚገባው። ሎሚ ግን የለም። ሎሚ ለኛ ርጥብ ነገር ነው። ለዶሮው ማጠቢያ ከጉልት ሁለት ሦስት ይገዛል፣ ይጨመቃል፣ ልጣጩ እጅ ይታሽበትና ይጣላል። ጥምቀት ላይ ይወረወር የነበረውም ርጥቡ ነው። በደረቀው ቢወረውሩ ጠብ ነው የሚነሳው።

እኔ እንደሚመስለኝ ሳናደርቅ የቀረነው ባለማወቅ ሳይሆን ባለመቸገር ነው። ሰው የሚያደርቀው ነገ አጣዋለሁ ብሎ የሚሰጋለትን ነው። ሎሚ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጉልት ላይ አለ። መርከበኛና ነጋዴ ለነበረው ኦማናዊ ግን ርጥብ ሎሚ ስንት ቀን ይቆይለታል? እኛ ዘንድ ያ ስጋት አልነበረም። አሁን ግን መጥቷል። መጋቢት 2012 ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ በተባለ ሰሞን ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እንዴት እንደተሻማንባቸው የሚረሳ የለም። ከዚያ ወዲህም ዋጋው አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲወርድ የቤት እመቤት ጉልት ስትደርስ ነው የምታውቀው።

ስለዚህ ሎሚ የሚደርቀው ረከስ ያለ ሰሞን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ለማድረቅም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ገዝቶ፣ ቀቅሎ፣ በየቀኑ ከሚያገላብጥ ሁለት ሦስት ጎረቤት በርበሬ እንደሚያዘጋጁት ተሰብስቦ ቢሠራው ይቀላል። እኛ ግቢ እንዲያ ነው የተጀመረው። አዲስ አበባ ላይ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ፀሐዩ ይነድዳል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ሌሊቱ ግን ጤዛ አለውና ማታ ማታ ወደ ቤት ይገባል። ዝንብ እንዳያርፍበት ስስ ሻሽ ይለብሳል። የሙስካት ፀሐይ እዚህ ስለሌለ ይቆያል፤ ቀለሙም አንዳንዴ ቡናማ ላይ ይቀራል፤ ጣዕሙ ግን አይጎድልም። ሳትወቅጡ እያንዳንዱን ሰንጥቃችሁ እዩ። ጥቁር መሆኑ ደህና ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጸጉር ያበቀለ ከሆነ ግን ይጣል። መሐሉ ሳይደርቅ የሚወቀጥ ዱቄት ደግሞ ብርጭቆው ውስጥ ጓል ይሆናል፣ ከዚያ ይሻግታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እዚህ ጋ ነው።

ልጣጭና ምጣድ

ከሎሚው ቀጥሎ እማዬ ወደ ብርቱካን ዞረች። እሱ ሳይቀቀል ልጣጩ ብቻ ነው የሚደርቀው። ድሮም ሻይ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ ጣል የሚያደርግ ሰው ነበር፤ ዱቄት ማድረጉ ነው አዲስ። ፍሬው በደንብ ይታጠባል። ከውጭ አገር የመጣ የሚያብለጨልጭ ብርቱካን ሰም የተቀባ ሊሆን ስለሚችል በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይታሻል፤ ለመከላከያ የተረጨ መድኃኒትም ሊኖርበት ስለሚችል እኔ ለዚህ ሥራ የአገር ውስጡን እመርጣለሁ። ከዚያ ስል በሆነ ቢላ ብርቱካናማው ብቻ ስስ ተደርጎ ይላጣል። ሽታው ያለው ቆዳው ላይ ባሉት ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ከሥሩ ያለው ነጩ ሽታ የለውም፤ ዱቄቱን ያመርረዋል።

ማድረቂያው ምጣድ ነው። ኦቨን ያለው ሰው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ በሩን ገርበብ አድርጎ ያድርቅ። እኛ ቤት ግን የኤሌክትሪክ ምጣዱ እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትኩሳቱን ይይዛል። ያ ሙቀት በነጻ የሚባክን ነው። ገና እንዳጠፋችሁት ልጣጩን ብትጨምሩ ያርራል፣ ዘይቱም ከቤት ተንኖ ይወጣል። እጅ አስጠግታችሁ የማይፋጅ ሲሆን በትናችሁ አክንባሎውን ሳትከድኑ ተዉት። በሁለተኛው ጋገራ ቀን ትደግሙታላችሁ። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል።

ለመፍጨት የቡና መፍጫ ያገለግላል፤ ግን ቡና የሚፈጭበትን አትንኩ። ብርቱካን ብርቱካን የሚል ቡና ለእንግዳ አይቀርብም። ከአንድ ብርቱካን የሚወጣው ዱቄት ቢበዛ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አትጠብቁ። ልጣጩን ሳይፈጭ ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ጨለማ ቦታ አስቀምጡና ለሰሞኑ የሚበቃውን ብቻ ፍጩ። የተፈጨ ሽታው ቶሎ ይሄዳል።

ምን ላይ ይገባል? የብርቱካኑ ለሻይ፣ ለዳቦ ሊጥ፣ ለጾም ኬክ። የሎሚው ለዓሣ ነው መጀመሪያ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም።) አዚፋ ላይ ድንቅ ነው፤ ጭማቂው ምስሩን ያቀጥነው የነበረውን ዱቄቱ አያቀጥነውም። ቲማቲም ስልስም ላይ እንደዚያው። ወጥ ውስጥ ከሆነ ድስቱ ሊወጣ ሲል ይጨመር፤ ብዙ ሲፈላ ይመራል። ሽሮ ላይ አትሞክሩት፤ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ዶሮ ወጥ ላይ እማዬ ከልክላለች። ለምን ስላት «ዶሮ ወጥ ምን ጎደለው?» አለችኝ። መልስ የለኝም።

ከቤሩት የመጣችው

በዚህ መሐል ግቢያችን ውስጥ የምትኖር ከቤሩት የተመለሰች ልጅ አለች። ከተመለሰች ቆይታለች። ስለ ቤሩት ስትጠየቅ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ነው የምታልፈው፤ እኛም አንገፋትም። አንድ ቀን ሎሚ ስናገላብጥ አብራን ቁጭ አለች። ወሬ ለማምጣት ያህል የእማዬን ጥያቄ ጠየቅኋት። እዚያ ምን ምን ትሠሪ ነበር? ማን አስተማረሽ?

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ስለ ዛዕተር ጀመረች። ጦስኝ የሚመስል ቅጠል ይደርቃል፣ ይደቅቃል፣ ከሰሊጥና ከጨው ጋር ይቀላቀላል። ሱማቅ የሚባል ቀይ፣ ኮምጣጣ ፍሬ ተፈጭቶ ይገባበታል። ጠዋት ጠዋት ሊጥ ላይ በዘይት ተቀብቶ ይጋገራል። የቤቱ ሴትዮ የምትለካው በእፍኝ ነበር፤ እሷም የያዘችው በእፍኝ ነው። «ሱማቅ እዚህ የት ይገኛል» ብላ ልታቆም ስትል የሎሚውን ዱቄት ብርጭቆ አየችው። እኔም አየሁት።

ጦስኝ ሞልቷል። ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጣውን ሰዎች ለሻይ ይሸጡታል። ሰሊጡም የአገራችን ነው። በሱማቁ ፋንታ ሎሚውን አደረግንና እንጀራ ሳይሆን የጋለ አምባሻ ላይ በዘይት ቀባነው። የኛ ጦስኝ ከዛዕተሩ በርታ ይላል፤ ቀነስ ማድረግ ያስፈልጋል። ሎሚውም ከሱማቁ ይልቅ ይኮመጥጣል፤ ለአንድ እፍኝ ጦስኝ አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። እስካሁን ያልተስማማነው በሰሊጡ ነው። እሷ ሳይቆላ ነው ትላለች፤ እማዬ ደግሞ ያልተቆላ ሰሊጥ እቤቴ አይገባም ብላለች።